የሳሎኑ ምሰሶ

አባቴ ካረፉ በኋላ መካነ ሰላም ያለውን የድሮ ቤታችንን በዘመናዊ መልክ አሳደስኩት። የጭቃው ግድግዳ በጂፕሰም ተለሰነ፤ ወለሉም ሴራሚክ ለበሰ። የቀረው ሳሎኑ መሀል የቆመው የጥድ ምሰሶ ነበር፤ አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጋቢያቸውን የሚሰቅሉበት። ብሳሳለትም ከአዲሱ ሶፋ ጋር አልሄድ አለኝና፣ ጣሪያውን በብረት አስይዤ ምሰሶው ይቆረጥ አልኩ።

አናጺው መጋዙን ሲያነሣ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ የማላውቃቸው ሴት በተከፈተው በር ገቡና ምሰሶውን እቅፍ አድርገው ያለቅሱ ጀመር።

«አብሽሩ እማማ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«የበኩር ልጄን ይህን ምሰሶ ይዤ ነው ያማጥኩት፤ አክስቴ ወገቤን ደግፋኝ። ከከላላ የመጣሁትም አንዴ ላየው ብዬ ነው። አትቁረጥብኝ የኔ ልጅ!»

አያቴ ከላላ የእህት ልጆች ነበሯት። አንዷ መሆናቸው ነው ብዬ እኔም ዕንባዬ መጣ። አናጺውን አሰናበትኩትና ምሳ አብረን በላን።

ሊሄዱ ሲነሡ ምሰሶውን ስመው እኔን መረቁኝ። «የአክስቴን የዘነቡን ቤት እንዳቆምክልኝ፣ እግዜር ያቁምህ!»

የእትዬ ዘነቡ ቤት ከእኛ ቀጥሎ የነበረው ነው። አምና ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል።

«አሜን» አልኩ።