ከፎጣ ስር ያለቀው ደመወዜ

ይህ ከሆነ አስር ዓመት አልፎታል። ያኔ ከሚሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ነገሩን የማልረሳው ሥራው ስላመለጠኝ አይደለም። በእኔ ጉዳይ ሁለት ወንዶች ሲደራደሩ አፌን ዘግቼ በመቀመጤ ነው። ሳስታውሰው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ከአዲስ አበባ በተመለስኩ በዓመቱ፣ በአንድ ዓረብ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሴት መምህራን እንደሚፈልግ ሰማሁ። ማስረጃዬን ላክሁ፤ በስልክ ፈተኑኝ፤ አለፍኩ። የቀረው በደመወዝና በሥራው ሁኔታ መስማማት ነበር። ይህን የሚጨርሰው ግን ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን አዲስ አበባ ያለ ኤጀንሲ ነው ተባልኩ።

ከአባቷ ጋር ከተለያየን ወዲህ ብቻዬን የማሳድጋት የአራት ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ ሀያት። ለእኔ ድርድሩ እሷ ነበረች። ደመወዙን ቢጨምሩልኝ እሰየው፤ ባይጨምሩም እሄድ ነበር። ሀያትን ትቼ ግን አልሄድም።

የኤጀንሲው ሰው ወደ ደሴ ሲያልፍ ከሚሴ አንድ ሆቴል ቀጠረኝ። ከማላውቀው ወንድ ጋር ሆቴል ብቀመጥ ከተማው ምን እንደሚለኝ ስለማውቅ አጎቴን አስከትዬ ሄድኩ። አጎቴ አሊ ዕድሜያቸውን ሰንበቴ ከብት ገበያ በድለላ የጨረሱ ሰው ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ እንደ አባት የማያቸው እሳቸውን ነበር። መንገድ ላይ፣ «ሀያትን ካልያዝኩ አልሄድም፤ ይቺን አጥብቀው ይያዙልኝ» አልኳቸው።

«ገብቶኛል፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ሰውየው ገና ሳንቀመጥ ውሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። አነበብኩት። በሳምንት ሃያ አራት ክፍለ ጊዜ፤ መኖሪያው ከሌሎች ሦስት መምህራን ጋር የጋራ፤ ቤተሰብ ማምጣት ክልክል። ደመወዙን ደግሞ ቀድሜ አጣርቼ ነበር። ያንኑ መጽሐፍ ለምታስተምር እንግሊዛዊት የሚከፈላት የእኔን እጥፍ ነው። ለምን ብዬ ጠየቅሁት።

«የእንግሊዝ ፓስፖርት ካለሽ አምጪና እጥፉን ልጻፍልሽ» አለኝ።

ትምህርቴን ጠቀስኩለት። ሳቀ። «ስሚ፣ እኔም ባቲ ነው ያደግሁት፤ አገሩን አውቀዋለሁ። ከዚህ ስንት ሴት ልጅ ነው በበረሃ አድርጋ፣ በባሕር ተሻግራ የሰው ቤት ልታጥብ የምትሄደው? አንቺ በአውሮፕላን፣ ያውም መምህር ሆነሽ። ደግሞ ትከራከሪያለሽ?»

ጠላሁት። ያን ቀን የሰውየውን ጥርስ ሳይቀር ጠላሁት። ስለ ልጄ ላነሳ ስል አጎቴ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ተይ አንቺ፤ እኔ ላነጋግረው» አሉ። ከዚያም ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው እጃቸው ላይ ጣል አደረጉና ወደ ሰውየው ዘረጉ።

እነ አጎቴ ገበያ ላይ ዋጋ በአፍ አይናገሩም። ደላላውና ገዢው ከፎጣ ስር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጣት እየጨበጡና እየለቀቁ ነው የሚስማሙት። ከብቱን ያመጣው ባለቤት አጠገባቸው ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ጣልቃ አይገባም፤ ከገባ ደላላውን እንደመስደብ ነው። ሰውየው የባቲ ልጅ ነውና ፈገግ ብሎ እጁን ከፎጣው ስር አስገባ።

እኔም እንደ ባለቤቱ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በእንግሊዝኛ እንዴት ሐሳብን በጨዋ ደንብ መቃወም እንደሚቻል ለተማሪዎቼ የማስተምር ሴትዮ፣ ትንፍሽ አላልኩም። ፎጣው ይንቀሳቀሳል። ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል፤ አጎቴ እጃቸውን ሊያወጡ ይሉና መልሰው ይጨብጡታል። በመጨረሻ አጎቴ እጁን መታ አድርገው ፎጣቸውን አነሱ።

«ቶሌ፣ እሺ፣ አለቀ። አልሐምዱሊላህ» አሉ። ፊታቸው በርቷል። ደመወዙን በሲሶ አስጨምረውታል፤ በየዓመቱ የደርሶ መልስ ትኬትም አስገብተዋል። ወላሂ ጎበዝ ተደራዳሪ ነበሩ።

«ሀያትስ?» አልኩ።

«ሀያት ምን ሆነች?»

«ይዣት ልሄድ አይደል?»

ሰውየው ቀደማቸው። «የልጅ ነገርማ አልተነሳም» አለ።

አጎቴ ግራ ተጋብተው አዩኝ። «እኛ እያለን ልጅቷ ምን ትሆናለች? ከልጆቼ ጋር ታድጋለች። እኔ እኮ ዋጋ ማስወደጃ መስሎኝ ነው፤ አልሄድም ስትዪ።»

ያኔ ገባኝ። ሰንበቴ ላይ በሬውን የሚሸጥ ሰው ሁሉ «ይሄስ አይሸጥም» ብሎ ነው የሚጀምረው። አጎቴ ቃሌን የሰሙት እንደዚያ ነው። ቢገባቸውስ ኖሮ? ጣት የሚናገረው ቁጥር ነው፤ ለልጅ የሚጨበጥ ጣት የለም።

«አልፈርምም» አልኩ።

ሰውየው ወረቀቱን እየሰበሰበ ወደ አጎቴ ዞረ። «እናንተ ገበያ እጅ ከተመታ በኋላ ዋጋ ይፈርሳል እንዴ፣ አባቴ?» አላቸው። እኔን የሰደበኝ እንኳ እንደዚህ አልነካኝም ነበር፤ ይህችን የተናገረው ግን ሽማግሌውን ሊያዋርድ ነው። ተሳካለት። አጎቴ ፎጣቸውን እንኳ በወጉ ሳይለብሱ ተነሱ።

«አዋረድሽኝ» አሉኝ። ብቻዬን ትተውኝ ሄዱ።

ለዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ጻፍኩ። በኤጀንሲው በኩል አመልክቺ የሚል አንድ መስመር መለሱልኝ። ቦታው በሳምንቱ ለሌላ ተሰጠ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ በደንብ አላናገሩኝም። ለኢድ ቤታቸው ስንሄድ ሀያትን አቅፈው ይስማሉ፤ የእኔን ሰላምታ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀብለው ዞር ይላሉ። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ሁለታችንም የተበደልን ይመስለናል።

ባለፈው ክረምት ታሪኩን ለሀያት ነገርኳት። ትልቅ ልጅ ሆናለች። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ የማጥኛ ጠረጴዛ የምናስቀምጥበት ቦታ ስለሌለን አልጋዋ ላይ ሆና ነው የምታነበው።

«ውሉ የስንት ዓመት ነበር?» አለችኝ።

«የሁለት።»

«ሁለት ዓመት ብቻ?» አለች። «እጠብቅሽ ነበር እኮ፣ እማ።»

ተነስቼ ወጣሁ። እምቢ በማለቴ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢመጣ ውሉን አልፈርምም። ሰውየውንም ይቅር አላልኩም። ልጄ ያለችው ግን ክፋት የለበትም፤ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፣ ሁለት ዓመት ለእሷ ምን ያህል ረጅም ይሆን እንደነበር አታውቅም። ልናደድባት እንደማይገባ አውቃለሁ። ተናድጄባታለሁ።