ሦስቱ ነጭ ወረቀቶች

ሰሞኑን አንድ የመሥሪያ ቤት ልጅ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ መጣና ሃያ ገጽ የሚሆን ሰነድ በአምስት ኮፒ አባዛልኝ አለኝ። እኔ የማባዛውን ሁሉ አነባለሁ። ነውር ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ ያመለጠኝን ከየትም እለቅማለሁ። የሰነዱ ርዕስ የሁለት ሚድልዌር ፕላትፎርሞች ንጽጽር ይላል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ እርስ በርስ የማይግባቡ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን መሃል ገብቶ የሚያግባባ ሶፍትዌር ነው አለኝ። እንደማይገባኝ እርግጠኛ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ነው የተናገረው። ገብቶኛል። እሱ ንፍጡን ሳይጠርግ እኔ ሚድልዌር ነበርኩ።

ሰንጠረዡ ፍጥነት፣ ደኅንነት፣ ዋጋ፣ ጥገና እያለ ይወርዳል። ሲሞከር ወረቀቱን የያዘው ማን ነበር የሚል ረድፍ ግን የለውም።

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ በየመሥሪያ ቤቱ ቢፒአር የሚባለውን ባወረደበት ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ የሥራ ሂደት ይጠና፣ ይቀየር፣ ይታጠፍ እያለ ይሰበሰብ ነበር። የኛ ድርጅት የመንግሥት ባይሆንም ከወረርሽኙ አላመለጠም። ጎደሬ፣ ዝንጅብልና በቆሎ ከገበሬ እየሰበሰበ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። እኔ ከአረካ ገጠር መጥቼ መጀመሪያ ጆንያ ተሸከምኩ፣ ኋላ ተላላኪ ሆንኩ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አግብቼ አንድ ልጅ ወልጃለሁ።

ሦስት ቢሮ ነበረን። ግዢ ላይኛው ሰፈር፣ ስርጭት መናኸሪያው ጋ፣ መጋዘኑ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ በበዴሳ መንገድ። ሦስቱም ኮምፒውተር አላቸው፤ ፕሮግራሞቹ ግን በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ሰው የተገዙ ስለሆኑ አንዱ የሌላውን አያውቅም። የሚያውቃቸው የኔ እግር ነው። የአንዱን ወረቀት ለሌላው አደርሳለሁ፣ እነሱ ያስገቡታል። የግዢ ወረቀት ነጭ፣ የመጋዘን ሮዝ፣ የስርጭት ቢጫ ነው። ቀለሙን እያየሁ አራት ዓመት ስሠራ ማንበብ እንደማልችል አንድም ሰው አላወቀም። ቤተ ክርስቲያንም የመዝሙር መጽሐፍ እይዛለሁ፤ ጎኔ ያለው ሲገልጥ እኔም እየገለጥኩ በቃሌ እዘምራለሁ። ሚስቴ ያወቀችው ካገባኋት በኋላ ነው። እሷም ደበቀችልኝ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዳልኬ ሦስቱ ቢሮዎች በፕሮግራም ይያያዙ ብለው መራጭ ኮሚቴ አቋቁመው አወዳደሩ። ሁለት ድርጅቶች ቀረቡ። አንዱን ይዘው የመጡት ከአዲስ አበባ ከረባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሌላውን ይዞ የመጣው ማርቆስ የሚባል የዱቦ ልጅ ነው፤ ሐዋሳ ተምሮ ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ ቢሮ ከፍቷል። ከረባቶቹ ሥራውን ከሥራ አስኪያጁ ጠይቀው ተረዱ። ማርቆስ ሁለት ቀን እኔን ተከትሎ ዞረ። ሚያዝያ ነበር፣ ቀዩ ጭቃ ጫማችንን እየነጠቀን። እኩለ ቀን ላይ የመጋዘኑ ዘበኛ ሚስት ዘንድ ገብተን ቅቅል ጎደሬ በዳጣ በላን። በወላይትኛ ነበር የምናወራው።

«እሻ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለት ነው። «ከአረካ ተነስቶ በዴሳ የሚሄድ ሰው የት ወርዶ መኪና ይቀይራል?»

«ሶዶ ነዋ።»

«የኔ ፕሮግራም ሶዶ ነው። ሁሉም መጀመሪያ እሱ ጋ ይገባል፣ እሱ ለየቋንቋው ተርጉሞ ይበትናል። የነሱ ግን መናኸሪያ የለውም፣ ከየመንደሩ ወደየመንደሩ በአቋራጭ ያስኬዳል።»

«ሶዶ ላይ መንገድ የተዘጋ ቀንስ?»

ሳቀ። ኮሚቴው ውስጥ መግባት የነበረብህ አንተ ነህ አለኝ። ከዚያ ነገሩን ሳያሳምር ነገረኝ። የሱ መሃሉ ሲቆም ሁሉም ይቆማል፤ ግን ሲበላሽ የሚጠገነው አንድ ቦታ ነው፣ አዲስ ቢሮ ሲከፈትም የሚያያዘው ከአንድ ቦታ ጋር ነው። የነሱ አንዱ ቢቆም ሌላው ይሠራል፤ ቢሮ በተጨመረ ቁጥር ግን ገመዱ ይተበተባል። ይህን ሥራ ካላገኘን ቢሯችንን እንዘጋለን ያለኝም ያኔ ነው፣ ዳጣው አፉን እያቃጠለው።

ሁለቱም በተራ ለአንድ አንድ ሳምንት እንዲሞከሩ ተወሰነ። በቢሮዎቹ መሃል ገመድ ገና ስላልተዘረጋ ማሽኑ አትሞ የሚያወጣውን እኔ ላደርስ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት የማርቆስ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ወረቀት ሰጠኝ፤ ሦስቱም ነጭ። የት የት እንደሚሄዱ እየነካ ነገረኝና «ደግሞ ላዩ ላይ ተጽፏል» አለኝ። እኔ የያዝኩት ቅደም ተከተሉን ነው፦ ከላይ ግዢ፣ መሃል መጋዘን፣ ከታች ስርጭት። ሰኞና ማክሰኞ በደህና አለፉ።

ረቡዕ የግዢ ጸሐፊዋ የራሷን ወሰደችና፣ ሌሎቹ ቢሮዎች ምን እንደተላከላቸው ለማየት የቀሩትን ሁለቱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ መለሰችልኝ። እጇን እያየሁ ነበር፤ መቀያየራቸውንና አለመቀያየራቸውን ግን አልለየሁም። በረንዳው ላይ ቆሜ ሁለቱን ወረቀቶች አየኋቸው። መንታ ናቸው። ተመልሶ የመጋዘኑ የትኛው ነው ማለት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር። ማንበብ የሚችል ሰው እንዲህ ያለውን ያለ ኀፍረት ይጠይቃል። የማይችል ሰው አይጠይቅም። ሄድኩ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ከድር የሚባሉ የስልጤ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው እንዳለ አስገቡት። ስርጭትም እንዳለ አስገባው። ከኮምፒውተር የወጣ ነገር ያኔ አይጠየቅም። ማንበብ የሚችሉት ርዕሱን አላነበቡም፣ እኔ አልቻልኩም። ጸሐፊዋ ሐሙስም ዐርብም ገለጥ አድርጋ መለሰችልኝ። ለአረካ የታሰበው በቆሎ በዴሳ ሄደ። መጫን የነበረበት ጎደሬ በጆንያ እንደታሰረ ቀረ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጠረኑ መንገድ ድረስ ወጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት የከረባቶቹ ተራ ነው። እነሱ ወረቀታቸውን ለማሳመር ከላይ ባለ ቀለም መስመር አድርገውበታል፣ ለየቢሮው የተለያየ። ለኔ ብለው አይደለም። አንድም ነገር አልተሳሳተም።

ኮሚቴው ሲቀመጥ ማርቆስ ፕሮግራሙ ያወጣው ሁሉ ትክክል እንደሆነ፣ ወረቀቱ ግን ያለቦታው እንደደረሰ አስረዳ። እኔ ተጠራሁ። አቶ ዳልኬ ወረቀቱን እንዴት እንዳደረስኩ ጠየቁኝ።

«ላዩ ላይ በተጻፈው መሠረት» አልኩ። ቶሎ ነው የመለስኩት። ልምድ ነበረኝ።

ማርቆስ ከፋይሉ አንድ ነጭ ወረቀት አውጥቶ ወደኔ አዞረው። «እስቲ ይሄን...» አለና ቆመ። እኔ ወረቀቱ ላይ አፍጥጫለሁ። የሚያነብ ሰው ዓይን ይሄዳል፤ የኔ አንድ ቦታ ቆሟል። እሱ ዓይኔን አየ። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ወደ ፋይሉ መለሰው።

«ይቅር» አለ። «ስህተቱን እኔው ልፈልገው።»

አቶ ዳልኬ ለፍለጋ ጊዜ የለንም አሉ። አለቀ።

በሩ ጋ ዝናቡ እስኪያባራ ቆሞ አገኘሁት። የምለውን እያሰብኩ ተጠጋሁት። እሱ ግን መንገዱን እያየ «ብትነግረኝ ቀለም አደርግበት ነበር እኮ» አለኝ። ባጃጅ ጠርቶ ሄደ።

ለምን እንደሸፈነልኝ አላውቅም። ማዘን ይሁን መናቅ አልጠየቅኩትም። በዚያው ዓመት የነማርቆስ ቢሮ መዘጋቱን ሰማሁ። የከረባቶቹ ፕሮግራም ተተከለ፣ ገመዱ መጋዘን ደረሰ፣ የሚሸከሙት ወረቀት ቀረ፤ ቢፒአሩም ተላላኪ የሚባለውን መደብ ሰረዘው። ሥራ ፈታሁ፤ የእጅህን ነው ያገኘኸው የሚለኝ ካለ አልከራከርም። ፊደል የጀመርኩት ከዚያ ብዙ ቆይቼ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ልጄን ከሚያክሉ ሕፃናት ጋር።

የዚያን የመሥሪያ ቤት ልጅ ሰነድ አባዝቼ ከሰጠሁ በኋላ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ዱቦ ሄድኩ። የነሐሴ ዝናብ መንገዱን ቦርቡሮታል። እየጠየቅሁ የማርቆስ እናት ቤት ደረስኩ። አርጅተዋል። ልጃቸው ሐዋሳ ያስተምራል፣ ለጊፋታ ይመጣል አሉኝ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በዓለም ያለ ልጅ ሁሉ ይመጣል።

«ማን መጣ ልበለው?» አሉኝ።

ስሜን ነገርኳቸው።

«ስም ይጠፋብኛል። ጻፍልኝ።»

ስሜን ጻፍኩ። ከሥሩ፣ የመጋዘኑንና የስርጭቱን ወረቀት ያቀያየርኩት እኔ ነኝ፣ ማንበብ አልችልም ነበር፣ ፕሮግራምህ ትክክል ነበር ብዬ ጨመርኩ። በጉልምስና የተማረ ሰው ጽሕፈት ነው፣ ፊደሉ ትልልቅ። እናቱ ከስም በላይ መርዘሙን አይተው ምን አልከው አሉኝ። ሰላምታ ነው አልኳቸው። ሳያነቡት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ይቅርታ የሚለውን ቃል አልጻፍኩም። በአፍ ሲሆን ሰው ያለፍርሃት ይዋሻል፤ በጽሑፍ ግን ገና አልለመድኩም፣ ስለዚህ የሆነውን ብቻ ጻፍኩ። ጊፋታ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ስልክ ቁጥሬን ወረቀቱ ላይ አላሰፈርኩም። ረስቼ አይደለም።