ጠንካሮቹ ይዛወራሉ

የያዙኝ የችግኝ መደብ ስደለድል ነው። ሰኔ ገብቷል፤ ቦንጋ ላይ ዝናቡ ከጀመረ ሰንብቷል፤ እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ ነበር። ከሰሜን ተመድቤ የመጣሁ የግብርና መምህር ነኝ። ጥፋቴ በምርጫው ቀን ለተቃዋሚዎች በታዛቢነት መቀመጤ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ የነቀዘ በቆሎ ሽታ አልለቀቀውም። ወደ ጓሮው የሚያይ አንድ መስኮት አለው፤ ብረት እንጂ መስታወት የለውም። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ወሬው ቀጥ አለ። በዕድሜ አባቴ የሚሆን የሺሺንዳ ቡና ነጋዴ እጄን አየና "አንተ፣ ምን ቆፍረህ መጣህ?" አለኝ። ሳቁ። አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ከቤቱ ከመጣለት ቆጮም ቆርሶ ሰጠኝ።

ነገር የተበላሸው የእስር ቤቱ ጥበቃ አዛዥ፣ አስር አለቃው፣ ሲያስጠራኝ ነው። "የግብርና መምህር ነህ አሉኝ። ጓሮው ጦሙን ከሚያድር ጎመን አልማበት" አለ። ፀሐይና ነፋስ ማግኘት ነውና እሺ አልኩ። ከማብሰያ ቤቱ አመድና ትራፊ፣ ከውጭ የቡና ገለባ እያስመጣሁ ብስባሽ አዘጋጀሁ። ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አደረግሁት፤ ዶፉ ዘሩን እንዳይጠርገው የሣር ዳስ ሠራሁለት። በሕይወቴ እንዲያ ያማረ ችግኝ አፍልቼ አላውቅም። እኔ ከጓሮ ስመለስ ግን ወሬው ከአማርኛ ወደ ካፊኖኖ ይዞር ጀመር። ከሰላምታ በቀር ቋንቋውን አልሰማም።

አንድ ጠዋት ዳሱ ሥር ቆመን ለአስር አለቃው አስረዳሁት።

"ከዛሬ ጀምሮ ውሃ እንቀንስባቸዋለን፤ ይጠንክሩ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ጠንካሮቹን እናዛውራለን። ደካሞቹ ይነቀላሉ።"

"ብዙ ይነቀላል?"

"ግማሹ ቢነቀል ይሻላል። በጣም ተጨናንቀዋል።"

የክፍላችን መስኮት ከራሳችን በላይ ነበር፤ እኔ እቴ፣ መች አሰብኩት። እዚያ ቤት "ተዛወረ" የተባለ ሰው ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልነበረም። ልብሱን ይዘው የመጡ ዘመዶቹ በር ላይ ውለው ይመለሳሉ። ይባስ ብሎ በዚያው ቀን ቧንቧ ተበላሸና ለክፍላችን የሚገባው ውሃ በግማሽ ቀነሰ።

ስመለስ መኝታዬ ሽንት ባልዲው አጠገብ ተጥሎ አገኘሁት። ነጋዴው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ተናገረኝ።

"መምህር፣ እርስዎ ያውቃሉና ይንገሩን። የምንነቀለው የትኞቻችን ነን?"

አንተ ይለኝ የነበረ ሰው አንቱ ሲለኝ ደነገጥኩ። ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ፤ ባልስቅ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሼ፣ የጎመን ችግኝ እኮ ነው!"

"እኛ ጎመን ከግንዱ ሰብረን ነው የምንተክለው፤ የምን ማዛወር ነው? ደግሞ በሰኔ ዝናብ ለጎመን ውሃ የሚቀንስ ሰው የት አገር ነው ያለው?"

"ዳስ ስላለው ነው ..."

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ወዲያ የሚያናግረኝ ጠፋ። ቆጮው ሲቆረስ እኔን ይዘለኛል። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ በለጠ። ከዚያ ንግግሬ በኋላ በእውነት አንድ ሰው ቢዛወር፣ እስከ ልጅ ልጄ ጆሮ ጠቢ ተብዬ ልቀር ነው።

ሐሙስ ዕለት አስር አለቃው ጓሮ ድረስ መጣ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

"ጎመኑ አምሯል። አንተም ቶሎ ብትወጣ ደስ ይለኛል። ያ የሺሺንዳ ነጋዴ ምን ምን ያወራል? ከውጭ መልእክት የሚያመጣለትስ ማነው?"

"በካፊኖኖ ስለሚያወሩ አልሰማም" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እውነትም ነበር። ግን እሱም ቢሆን ወሬ ማቀበል ነው። ከእኔ ተደብቀው የሚያወሩት ነገር እንዳለ መንገር ነው።

"እኔን የጠሩኝ ለጎመን ነው" አልኩት።

"እንዲያ ከሆነ ከነገ ጀምሮ ጓሮ የለም።"

"ዛሬም ይበቃኛል።" መኮትኮቻውን መደቡ ዳር አስቀምጬ በሩን እንዲከፍቱልኝ ቆምኩ።

"ማን ያዛውራቸው ታዲያ?" አለ፣ ከልቡ ተጨንቆ።

በዚያ ቀን ከምንም በላይ ያሳዘኑኝ እነዚያ ችግኞች ናቸው።

ክፍል ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም። "አሁን ደግሞ እዚሁ እየዋለ እንዲሰማን ተመደበ" ሲባል ሰማሁ፤ ለእኔ እንዲሰማ በአማርኛ ነበር የተባለው። ችግኞቹ እየተጨናነቁ ቀጠኑ፣ ቢጫ ሆኑ። ከዚያ ዳሱ በዝናብ ወደቀባቸው። ነጋዴው ባዶ የውሃ ባልዲ ገልብጦ እየቆመ በመስኮቱ ያያቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ከባልዲው ወረደና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ጎመን ነው ለካ። ሳይዛወሩ ቀሩና ተጨናንቀው አለቁ።"

"ጎመን ነው፣ ጋሼ።"

"ምን ጠይቆህ ነው የተውከው?"

"ጎመን ያልሆነ ነገር።"

ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ መልእክት የሚያመጣለትን ሰው ስምና መንደር ነገረኝ። አልጠየቅሁትም። ተነሥቶ ወደ ቦታው ሄደ።

ሁለታችንም ከወጣን ቆይተናል፤ እሱም ዐርፏል። አምኖ የነገረኝ ይሁን ወይስ ከአስር አለቃው ጆሮ ይደርስ እንደሆነ ሊፈትነኝ የፈጠረው ስም ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ባለቤቴ "ዘመኑ አልፎ የለም እንዴ፣ ለእኔ እንኳ ንገረኝ" ትለኛለች። አልነገርኳትም። እዚህም አልጽፈውም።