የቫሌታ ወደብ ባልና ሚስት

ጥሩሰውን ባል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ፓስተር አይደለሁም፤ ያኔ ከሊቢያ በጀልባ የወጣሁ፣ ከንፈሩን ጨው የበላው ስደተኛ ነበርኩ። ዓመቱ በፈረንጆቹ 2006 ነው። ልትሰምጥ ከደረሰች ጀልባችን ላይ የማልታ ጠባቂዎች አነሡንና ወደ ዋና ከተማቸው ወደ ቫሌታ አስገቡን። ዋና ከተማ ይበሏት እንጂ ከአንድ ጫፏ እስከ ሌላው በእግር ግማሽ ሰዓት አትፈጅም። ወደቧ ግን ጉድ ነው፤ ቢጫ የድንጋይ ግንብ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ በሁለት በኩል ያፍናል። አንድ ትልቅ የቱሪስት መርከብ ቆሞ ነበር። ከላይ የተደረደሩ ፈረንጆች ፎቶ አነሡን። ይኼ እስካሁን ያናድደኛል።

ትሪፖሊ እያለን የሰማነው ወሬ አንድ ነው፤ ማልታ የገባ ወንደላጤ ዓመት ከመንፈቅ ይታሰራል፣ ባለትዳርና ልጅ ቶሎ ይለቀቃል። ጥሩሰው የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ሙያው በያጅ፣ ጠባዩ ውሸት የማይሆንለት። አጠገቡ ሠርካዲስ የምትባል ብቻዋን የመጣች ልጅ ተኝታለች። ጀልባዋ ውስጥ የፈሰሰው ቤንዚን ከባሕር ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ጭኗን ልጦታል።

«ሚስቴ ናት በል» አልኩት።

«እንዴ ደምሴ፣ እታለምስ?» እታለም እጮኛው ናት፤ ሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘማሪ ነች።

«ለወረቀት እኮ ነው። ሆሳዕና ድረስ ማን ወስዶ ያሳያታል?»

ሠርካዲስም ሰምታ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እኔ ደግሞ በዚያው አፌ ሃያ ስድስት ዓመቴን አሥራ ሰባት ብዬ አስመዘገብኩ። ጢም የለኝም፤ ለዚያ ቀን ብሎ ነው መሰለኝ እግዜር የነሳኝ።

ሦስታችንም ቶሎ ወጣን። ጥሩሰው መርከብ መጠገኛው ገብቶ የመርከብ ሆድ ዝገት ይፍቃል፣ ሠርካዲስ ሆቴል ሳህን ታጥባለች፣ እኔ ያገኘሁትን እሠራለሁ። አሜሪካ ከማልታ ስደተኛ ልትወስድ ነው ሲባል፣ እሑድ እሑድ ከወደቡ በላይ ያለው ግንብ ላይ ተቀምጠው ትዳር ያጠኑ ጀመር። ጠያቂው እኔ ነኝ። በየት ጎኗ ትተኛለች? ሻዩን በስንት ስኳር ይጠጣል? የእናቷ ስም? ከታች፣ ግንባራቸው ላይ ዓይን የተሳለባቸው የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ይወዛወዛሉ። ጥሩሰው ሁሌም የሚተኛው መሬት ላይ እንደነበር ግን እኔ ነኝ ምስክሩ፤ ሦስታችንም አንድ ክፍል ነበርን።

ፈተናውን አለፉ። በ2008 ዴንቨር ገቡ፤ እኔም በስድስት ወር ተከተልኳቸው። ባልና ሚስት ናቸው ተብሎ ግሌንዴል የሚባል ሰፈር አንድ መኝታ ያለው አፓርትመንት ተሰጣቸው፤ እሷ መኝታ ቤት፣ እሱ ሳሎን። ሃቫና ስትሪት አጠገብ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ አቁማ አስጨበጨበችላቸው፣ የባለትዳር አንሶላም ሸለመቻቸው። እሱ ኤርፖርት የኪራይ መኪና ያጥባል፣ እሷ ነርሲንግ ሆም አሮጊቶች ታገላብጣለች፣ እኔ ታክሲ እነዳለሁ። ሠርካዲስ ግሪን ካርዷን ስታገኝ ወረቀቱን በፍርድ ቤት ሊያፈርሱት ተስማምተዋል።

በ2009 መጀመሪያ እታለም ደወለች። ሊሞሸሩ ቀን ሊቆርጡ ነው፤ እናም የሙሽራው ቤተ ክርስቲያን «ይህ ወንድም ሚስት የለውም» ብላ ደብዳቤ ትጻፍ ተባለ። ያለዚያ ስማቸው በጉባኤ አይነበብም፣ ሳይነበብ ደግሞ ማንም አያጋባቸውም። ይኼን እኛ አጥተነው ነው? ሁላችንም እዚያው ነው ያደግነው። የአሜሪካንን ጥያቄ ስናጠና የራሳችንን ጥያቄ ረሳነው።

ጥሩሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌያችን ጋሽ ሀብቱ ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ተናዘዘ። ጋሽ ሀብቱ ሃቫና ላይ ጎሚስታ ቤት ያላቸው፣ ክፉ የማይባሉ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ እኔ ራሴ ነኝ ያስጨበጨብኩላችሁ» አሉት። «እሷ ትምጣ። ሌላም የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣ። ከዚያ እጽፋለሁ።»

ቅዳሜ ቀን ጥሩሰውን በመኪናዬ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መንገድ ላይ «ደምሴ፣ ያየኸውን ብቻ ንገራቸው፤ ሌላ አልፈልግም» አለኝ። እሺ አልኩት፣ ከልቤም ነበር።

ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሠርካዲስ በሁለት ሺፍት መሀል፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ጋሽ ሀብቱ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይኼ ሰው ባልሽ ነው ወይስ አይደለም?» አሏት።

«ባሌ ነው» አለች።

ጥሩሰው ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ሀብቱም ዞሩ። እኔ በዚያች ደቂቃ የማስበው ስለ እሱ አልነበረም። እውነቱን ባወራ፣ ማን መከራቸው ይባላል፤ ከዚያ የአንተስ ዕድሜ ይባላል፤ በከተማው አንድ ጫፍ አውሮራ የተወራ ደግሞ ጀንበር ሳትጠልቅ በሌላው ጫፍ ሊትልተን ይደርሳል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። «እኔ የማውቀው ባልና ሚስት ተብለው እንደመጡ ነው» አልኩ። ቃል በቃል ውሸት እንኳ የለበትም። ስለዚህ ነው የከፋው።

ጥሩሰው አልተቆጣም፣ አልተከራከረም፤ የሚለውን ሁሉ አስቀድሞ ተናዟል። ሽማግሌዎቹ ደብዳቤውን ትተው ማስታረቅ ገቡ። እጅ ለእጅ አያያዟቸው፣ ጸለዩላቸው፣ ትዳር ይፈተናል ብለው መከሯቸው። ሰኞ ደግሞ በቅን ልብ ሆሳዕና ደውለው «ያቺን ልጅ አድኗት፣ ሰውዬው ባለትዳር ነው» አሉ። እታለም ስልክ ቁጥሯን ቀየረች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛው እያደር ጠቆረ። አሁን እሑድ እሑድ ጥሩሰውና ሠርካዲስ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እሱን የባለትዳሮች ኅብረት ውስጥ ወንበር ደርዳሪ አድርገውታል።

ከወር በኋላ፣ በሚያዝያ በረዶ፣ ሠርካዲስ ባስ ስትጠብቅ አየኋትና ታክሲዬ ውስጥ አስገባኋት። አላስችል ብሎኝ «ለምን ባሌ ነው አልሽ?» አልኳት።

«ፈርቼ ነዋ። ግሪን ካርዴ ገና ፔንዲንግ ነው፣ አልወጣም። ዋሽቼ ነው የመጣሁት ብዬ በራሴ አፍ እንዴት ልናገር?»

በረዶውን ከትከሻዋ አራግፋ ቀጠለች። «አንተ ትናገራለህ ብዬ ነበር። ቀጥለው አንተን እንደሚጠይቁ አውቄያለሁ። አንተ ብትናገር እኮ አልክድም ነበር። ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር፤ ለነሱ ያ ይበቃቸው ነበር።»

ነርሲንግ ሆሙ በር ላይ አወረድኳት፤ አመሰገነችኝና ገባች። የጋሽ ሀብቱ ጎሚስታ ቤት ከዚያ አሥር ደቂቃ ነው፤ ገና እኩለ ቀን ስለሆነ ክፍት ነው፣ እሳቸውም አይጠፉም። ሄጄ ልንገራቸው ወይ እያልኩ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆሜ አሰብኩበት። ተሳፋሪ የሚመድብልን ዲስፓች ደወለና ወደ ኤርፖርት የሚሄድ ሰው አለ አለኝ። መጣሁ አልኩና ወደ ተሳፋሪው ነዳሁ።