የአይስላንድ ተወካይ የሆንኩበት ጉባኤ

እናቴ ሳልሚያ ውስጥ በአንድ የሴቶች የውበት ሳሎን ፀጉር ትሠራለች። እኔን ወልዳ ያሳደገችኝ እዚሁ ኩዌት ነው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ጠብቄ፣ "እማዬ፣ አይስላንድን ልወክል ነው" አልኳት።

ጫማዋን እያወለቀች ቀና ብላ አየችኝ። "ማንን?"

"አገር ናት፤ የበረዶ አገር።" ተማሪዎች በየዓመቱ የዓለም መንግሥታትን ስብሰባ አስመስለው ጉባኤ እንደሚያካሂዱ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑም አንድ አገር ወክለው እንደሚከራከሩ ነገርኳት። አስተማሪ እጁን አያስገባበትም። አዳራሹን የሚያዘጋጁትም፣ ስብሰባውን የሚመሩትም ተማሪዎች ናቸው።

"ታዲያ የሌላ አገር ሰው ነኝ ብለሽ ልትዋሺ ነው?"

"ውሸት አይደለም፣ ልምምድ ነው።"

"የኛን አገር ቢሰጡሽ ምን ነበረበት?"

"በዕጣ እኮ ነው።"

"በይ እሺ። በረዶ ከሆነ ኮት ያስፈልግሻል" ብላ ሳቀች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ግን ከሥራ ባልደረባዋ የተዋሰችውን ጥቁር ኮት አምጥታ፣ እጅጌውን በልኬ አሳጠረችልኝ።

ወደዚህ ጉባኤ የጎተተችኝ አብራኝ የምትማር ኩዌታዊት ናት። እሷ ንግግር አያልቅባትም፤ እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳን "አለሁ" ለማለት የምሽኮረመም ነበርኩ። ለምን እኔን እንደመረጠች ስጠይቃት፣ "አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እለፈልፋለሁ" አለችኝ።

ለልምምድ ሚሽሪፍ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ የቤቱ ሠራተኛ ነበረች፤ በእናቴ ዕድሜ ያለች፣ ሻሽዋን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት። በዓረብኛ ልትናገር ጀምራ፣ ፊቴን ስታይ ወደ አማርኛ ዞረች።

"አበሻ ነሽ?"

"አዎ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ማዳም ናት የላከችሽ? አዲስ ሠራተኛ ልታመጣ መሆኑን አልነገረችኝም እኮ።" እጇ የበሩ መያዣ ላይ ደርቆ ቀረ።

"ኧረ አይደለም እትዬ፣ ተማሪ ነኝ። ከቤቱ ልጅ ጋር ነው የምማረው።"

እጇን ከበሩ መያዣ ላይ አነሳች። ከዚያ "አልሃምዱሊላህ!" ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። "ተማሪ! እሰይ! ግቢ ልጄ፣ ምነው በሩ ላይ አቆምኩሽ! እናትሽ የየት ናት?"

"የደሴ።"

"እኔ እኮ የከሚሴ ነኝ! ጎረቤት ነን በያ።"

ጓደኛዬ ሳቃችንን ሰምታ ከፎቅ ወረደችና ምን እንዳሳቀን ጠየቀች። ሴትዮዋ በዓረብኛ ነገረቻት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ፊቷ ቀላ። "ማንም አይመጣብሽም" አለቻት። "ማንም። እማማንም ዛሬውኑ አነጋግራታለሁ።" እንዳለችውም እናቷን አነጋገረች። የተባለውን ባላውቅም፣ ሌላ ቀን ስመጣ ሴትዮዋ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሊታደስ መሆኑን በሩ ላይ ነበር የነገረችኝ።

ልምምዱ ለእኔ ስቃይ ነበር። ንግግሬን ሳነብ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጣ እንኳ አትሰማኝም። በመጨረሻ ሴትዮዋን ከማድቤቱ ጠርታ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አቆመቻትና፣ "የሚሰማሽ ከሆነ እጅሽን አውጪ" አለቻት። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ የምትፈርደው ድምፄን ብቻ ነበር። ለረጅም ጊዜ እጇ አልተነሳም። አንዴማ አዝናልኝ ልታነሳ ስትል ጓደኛዬ "ማዘን የለም!" ብላ ጮኸችባት። እጇን ያወጣች ቀን ሦስታችንም አጨበጨብን።

ጉባኤው ደረሰ። የእኛ ኮሚቴ ርዕስ የባሕር ዓሣ ሀብት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጓደኛዬ ብቻዋን ተከራከረች፤ እኔ ወረቀት እያቀበልኩ ዋልኩ። በማግስቱ የአዳራሹ ኤሲና የእሷ ልፍለፋ ተደማምረው ጉሮሮዋን ዘጉት። አፏን ብትከፍት የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። የትልልቆቹ አገሮች ተወካዮች የትንንሽ ጀልባዎችን ጉዳይ ከውሳኔው ሊያወጡት ሲሉ፣ እሷ ምንም ሳትጠይቀኝ የአይስላንድ ስም ያለበትን የንግግር መጠየቂያ ሰሌዳ ወደ ላይ አነሳች። ሰብሳቢዋ አየችን። ጓደኛዬም በክርኗ ጎሸመችኝ።

ተነሳሁ። "ክብርት ሰብሳቢ" አልኩ፤ ድምፄ ወጣ። ድምፄ በመውጣቱ ደስ ብሎኝ ይመስለኛል የተሳሳትኩት። "የእኔ አገር፣ ኩዌት..."

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለኩዌት ተወካይነት ከተመደቡት አንዱ ከመቀመጫው ተነስቶ እጅ ነሳኝ። እኔ የሚታየኝ ግን ሌላ ነበር። የተወለድኩት እዚህ ነው፤ ፓስፖርቴ ደግሞ የኢትዮጵያ። የቆምኩት በአይስላንድ ስም ነው። በሕይወቴ "አገሬ ኩዌት" ብዬ አላውቅም፤ እንደዚያ ማለትም አይፈቀድልኝም ነበር።

ሰብሳቢዋ በእንጨት መዶሻዋ ጠረጴዛውን መታች። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ የምትስቅ መስሎኝ ነበር። "ክብርት ተወካይ" አለችኝ፣ "አገርሽ የትኛውም ይሁን፣ እየሰማንሽ ነው። ቀጥይ።"

ቀጠልኩ። ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ከመርከቦች እኩል ገደብ ቢጣልበት ቤተሰቡ ምን እንደሚሆን ተናገርኩ። ስጨርስ ማጨብጨብ ስለማይፈቀድ አንዳንዶቹ ጠረጴዛቸውን በጣታቸው እየመቱ ድጋፋቸውን ገለጹልኝ። የትንንሽ ጀልባዎቹ አንቀጽ በጠባብ የድምፅ ልዩነት አለፈ። ሽልማት አላገኘንም፤ ጓደኛዬ በዚህ ለሁለት ቀን ተናደደች፣ ያውም ድምፅ በሌለው ንዴት።

ለመዝጊያው ዕለት ቤተሰብ ተጋበዘ። እናቴ ከሳሎኑ አስፈቅዳ መጣች። የጓደኛዬ እናት ደግሞ ትንሹን ልጇን እንድትይዝላት ሴትዮዋንም ይዛት መጥታ ነበር። ልጁ እንቅልፍ ወሰደውና ሴትዮዋ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይኔን ወደ እነሱ ስጥል ወሬያቸው ደርቷል። አንድ አስተናባሪ ተማሪ መጥቶ "እባካችሁ ዝም በሉ" እስኪላቸው ድረስ ስለ ደሴና ከሚሴ ያላነሱት አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ እህትማማች ሆነዋል፤ ሁለቱም ዕረፍት ሲያገኙ ቤታችን ይገናኛሉ።

ዛሬ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ሥራዬ ነው። በተነሳሁ ቁጥር እነዚያን ሴቶች አመሰግናለሁ፤ ሳትጠይቀኝ ሰሌዳውን ያነሳችውን፣ "ቀጥይ" ያለችኝን፣ ኮሪደር ላይ ቆማ የጠበቀችኝን። እናቴንማ በምን ቃል?

ከመዝጊያው ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እናቴ ጫማዋን አላልታ ወደ እኔ ዞረች።

"ደግ ሰዎች ናቸው" አለች። "ግን እንግሊዝኛው ምንም አልገባኝም። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ ዓሣው ምን ሆኖ ነው?"

ሳልሚያ እስክንደርስ ነገርኳት።