የጋሼ ይርጋ ንጉሥ

ልጅ ሳለሁ፣ ሮቢት ከተማ፣ ከጎጃም ተመድበው የመጡ ጋሼ ይርጋ የሚባሉ አስተማሪ ግቢያችን ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ያኔ መብራት ስላልነበረን፣ አመሻሹ ላይ የማሽላ እሸት በፍም እየጠበስን፣ በፋኖስ ብርሃን ፊት ፊታቸውን እያየን ተረታቸውን እንሰማለን። ቁጡ ናቸው። ካቋረጥናቸው «እንግዲህ አንቺው አውሪው!» ይሉና ዝም ነው።

አንድ ምሽት ስለ ጥንት ግሪክ ንጉሥ አወሩልን። ንጉሡ አሳዛኝ ተውኔት በግጥም ይጽፋል፤ ሹማምንቱ «ወይ ጉድ! እንዲህ ያለም አልሰማን» ይላሉ። አንድ ባለቅኔ ብቻ «አያምርም» ቢል ድንጋይ እንዲፈልጥ ተላከ። በኋላ ንጉሡ ምሮት ሌላ ግጥም ሲያነብለት፣ ሰውየው ብድግ ብሎ ወታደሮቹን «በሉ ወደ ድንጋዬ መልሱኝ» አላቸው። እኔማ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ሌሎቹ ልጆች ሲሄዱ ጋሼ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ አያ ሞላ ሞተው ነበር፤ ሰልስታቸው ነገ ስለሆነ ለእሳቸው የጻፉትን ግጥም አነበቡልኝ።

«የወንድሙን ደም መች ያሳድራል፣
ሞላ የነካውን ከሥሩ ይነቅላል!»

ክው አልኩ። አያ ሞላ የወንድማቸውን ገዳይ ይቅር ብለው፣ ዕድሜያቸውን ደመኛ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህን እኛ አገር ሕፃን ያውቃል። ጋሼ የአያ ሞላ ወንድም መገደሉን ሰምተዋል፣ የቀረውን አልጠየቁም።

«እህ? እንዴት ነው?»

«በጣም ያምራል፣ ጋሼ» አልኩ። ፈርቼ ነው። ደግሞ ከልጅ ሁሉ መርጠው ለእኔ ስላነበቡልኝ ኩራት ኩራት ብሎኛል፤ ዛሬም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ድንኳን ውስጥ ቆመው አነበቡት። የገዳዩ ልጆች እንደ ቤተሰብ ለቅሶኛውን ሲያስተናግዱ ነበር፤ የውሃ ጆጋቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። የአያ ሞላ ባለቤት «ምነው መምህር! እሱ ያስታረቀውን አፈሩ ሳይደርቅ ሊያፋጁት ነው?» አሉ። ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው በሰው መሃል ወጡ።

ማምሻውን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው።

«ታውቂ ነበር?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በስንት ጣዕሙ።

«እኔ ምን ድንጋይ ማስፈለጫ አለኝና ፈራሽኝ፣ ልጄ?»

ከዚያ ወዲያ ተረት አላወሩልንም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ተዛውረው ሄዱ።

ዛሬ እኔም ጎብዬ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ላሳየኋቸው ሁሉ «ያምራል፣ ቲቸር» ሲሉኝ ፊቴ ይግላል። ያን ተረት ግን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ያኔ ስስቅ ከባለቅኔው ጋር የቆምሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከሹማምንቱ አንዷ ነበርኩ።