የሚጠብቅ ድምፅ

በክረምቱ ደባርቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በድምፅ የተቀዱ መጻሕፍትን ለአድማጮች እየመረጥሁ እሰጥ ነበር። ከእነሱ አንዱን ያነበብሁት እኔው ነኝ። ሰው ፊት ድምፄ ስለሚጠፋብኝ ብቻዬን በር ዘግቼ ነው የቀዳሁት። ወደድሁት ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከዳባት አባባ ሙላው የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ መጡ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጌ አንድ ትረካ ከፈትሁላቸው። ተራኪው ገና ሲጀምር፣ ጎረቤት እንደሚያወጋቸው ሁሉ ጮክ ብለው "እህ! ከዚያስ?" አሉ። አንባቢዎቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ በሀፍረት አቀረቀርሁ።

"ይኸ ሰውዬ ምን ያጣድፈዋል? እሺ እንኳ አያስብልም! ሌላ አምጭ።"

ሁለተኛውንም አልወደዱትም። በመጨረሻ እየፈራሁ የራሴን ከፈትሁላቸው። ሳነብ ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ በየመሀሉ ዝም እላለሁ። በዚያች ዝምታ እሳቸው "እህ" ይላሉ፤ ድምፄም ሰምቷቸው እንደሆነ ሁሉ ይቀጥላል። ምዕራፉ ሲያልቅ ፊታቸው በርቶ ነበር።

"ይችን ልጅ ያሳደገ ይባረክ! ጨዋታ ታውቃለች፣ ሰው ትጠብቃለች። ማን ናት?"

በሹክሹክታ "እ... እኔ ነኝ" አልሁ።

"ምን አልሽ? አይሰማም።"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

ማዳመጫውን አውልቀው በትራቸውን አነሡ።

"ተይ እንጅ የኔ ልጅ! እሷ መች እንዳንች ትንሾካሾካለች? የሰው ድምፅ መስረቅ ነውር ነው።"